የታርማበር ዳገትና ሁለት የኤሌክትሪክ መኪኖች

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ የአዲስ መኪና ገዢ ምርጫ በኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች መካከል ሆኗል። ከአነስተኛዎቹ ክሮስኦቨሮች ውስጥ የቮልስዋገን አይዲ ፎርና የቶዮታ ቢዚ ፎር ኤክስ ተፎካካሪዎች ናቸው። ገዢዎች አስቀድመው የሚያነጻጽሩት በአንድ ሙሌት የሚጓዙትን ርቀት ነው። ይህ አኀዝ ግን የሚገኘው መኪናው በቤተ ሙከራ ውስጥ በተሽከርካሪ በርሜሎች ላይ ቆሞ ጎማውን ሲያዞር ነው፤ በዚያ ዳገት የለም።

ለጀውሃ ነዋሪ ዋናው ጥያቄ ዳገቱ ነው። የታርማበር ዋሻ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ ይላል፤ ከጀውሃ በፊት የምትገኘው ሸዋ ሮቢት ግን 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ልዩነቱን 1,800 ሜትር እንበል። አይዲ ፎር 2,100 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከነተሳፋሪዎቹና ከነጓዙ 2,400 ቢሆን፣ ክብደቱን ሽቅብ ለማንሣት ብቻ 12 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ያስፈልገዋል። በ200 ኪሎ ግራም ያህል የሚቀለው ቢዚ ፎር ኤክስ ወደ 11 ይበቃዋል። የክብደቱ ልዩነት ያን ያህል አያሳስብም።

የሚያሳስበው ሌላ ነው። ቁልቁል ሲወረድ ሞተሩ ወደ ጄኔሬተርነት ተለውጦ ባትሪውን ይሞላል፤ ነገር ግን የጎማ ሰበቃና የአየር ግፊት ድርሻቸውን ስለሚወስዱ የሚተርፈው ከግማሹ ብዙም አይበልጥም፤ 5 ወይም 6 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ሽቅብ ሲመለሱ ደግሞ እነዚሁ ኪሳራዎች በዳገቱ ላይ ተደምረው ወጪው ወደ 18 ይጠጋል። የባትሪው መጠን እንደ ስሪቱ ቢለያይም 70 ኪሎዋት ሰዓት ብንለው፣ ቆላ ላይ 30 በመቶ አይቶ በልበ ሙሉነት የተነሣ ሾፌር ታርማበር የሚደርሰው ባትሪው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ነው፤ ደብረ ብርሃን ደግሞ ገና 50 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀረዋል።

ባለ አንድ ሞተሮቹን ካነጻጸርን፣ አይዲ ፎር በኋላ ጎማ፣ ቢዚ ፎር ኤክስ በፊት ጎማ ይነዳል። በዳገት ክብደት ወደ ኋላ ስለሚያዘነብል በጭቃ ላይ የኋላው ጎማ ይበልጥ ይቆነጥጣል። በቁልቁለት ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ በሞተር የሚገኘው ፍሬን አስተማማኝ የሚሆነው ክብደት ባረፈበት የፊት ጎማ ላይ ሲሠራ ነው። በእኔ ግምት ክረምት ለክረምት የሚመላለስ ሰው ለቁልቁለቱ ቅድሚያ ቢሰጥ ይሻላል። ቢዚ ፎር ኤክስን የመረጠ ግን የ2022 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያ ምርቶች የጎማ ማሰሪያ ብሎናቸው ሊላላ ስለሚችል በፋብሪካው መጠራታቸውን አስታውሶ፣ ጥገናው መከናወኑን ይጠይቅ። የሆዱን ከፍታም አራት ሰው አስቀምጦ በሜትር ይለካ፤ ከአስፋልቱ የሚወጡት የገጠር መንገዶች ካታሎግ አያነቡም።

ኃይል መሙያውን በተመለከተ፣ ተራ የቤት ሶኬት 2 ኪሎዋት ያህል ይሰጣል። መብራት ካልጠፋ፣ በአሥር ሰዓት ሌሊት የሚገባው 20 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ የታርማበርን ዳገት ለመውጣት የሚያስፈልገው ያህል።