ፊዚካላዊ ወይስ ኬሚካላዊ? የክፍል ሙከራዎች ዳሰሳ

አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ፊዚክስን፣ ኬሚስትሪንና ባዮሎጂን በ7ኛና በ8ኛ ክፍል «አጠቃላይ ሳይንስ» ብሎ ካጠቃለላቸው ወዲህ፣ ባዮሎጂ ወይም ፊዚክስ ብቻ ያስተምር የነበረ መምህርም የቁስ አካል ለውጦችን ማስተማር ግድ ሆኖበታል። ደግነቱ ርዕሱ ውድ ቤተ ሙከራ አይጠይቅም። አቼቶ፣ ቤኪንግ ሶዳ፣ ጨው፣ ስኳርና አንድ ሻማ ከተገኙ ብዙ ይሠራል። ችግሩ ያለው በሙከራዎቹ አመራረጥ ላይ ነው።

ተማሪው አብዛኛውን ጊዜ ምልክት ይሸመድዳል፦ አረፋ፣ ሽታ፣ ዝቃጭ፣ የቀለምና የሙቀት ለውጥ። አንዱ ከታየ ለውጡ ኬሚካላዊ ነው ይባላል። አረፋን እንውሰድ። አቼቶ ላይ ቤኪንግ ሶዳ ሲነሰነስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየተንተከተከ ይወጣል። አምቦ ውሃ ሲከፈት የሚወጣውም ያው ጋዝ ነው፤ የኖራ ውሃ ውስጥ ቢገቡ ሁለቱም ያደፈርሱታል። ነገር ግን የአምቦው ጋዝ ቀድሞውኑ ውሃው ውስጥ ሟሙቶ ነበር፤ ክዳኑ ተከፍቶ ግፊቱ ሲቀንስ ወጣ። በሶዳው በኩል ያለውን ለማየት አረፋው ጨርሶ እስኪያቆም አቼቶ መጨመር፣ ከዚያም ፈሳሹን ዝርግ ሰሃን ላይ አፍስሶ ማድረቅ ነው። በቀረው ነጭ ነገር ላይ አቼቶ ጠብ ቢደረግበት አይንተከተክም። ሶዳው ጠፍቶ በምትኩ ሶዲየም አሲቴት የሚባል ሌላ ነገር ተፈጥሯል። ይህቺ የመጨረሻ ጠብታ ለእኔ ከአረፋው ሁሉ ትበልጣለች።

ሙቀትም እንደዚሁ ያሳስታል። ዩሪያ ማዳበሪያ ውሃ ውስጥ ሲሟሟ ብርጭቆው በእጅ እስኪታወቅ ድረስ ይቀዘቅዛል፤ ውሃው ሲተን ግን ያው ዩሪያ ይገኛል። ስለ ቀለምና ስለ ዝቃጭ ማስተማሪያ መጻሕፍቱ በቂ ስላሉ አልፋቸዋለሁ።

ከሁሉም የባሰው «ወደ ነበረበት የሚመለስ ፊዚካላዊ፣ የማይመለስ ኬሚካላዊ» የሚለው ደንብ ነው። የተወቀጠ ቡና ተመልሶ ፍሬ አይሆንም፤ መውቀጡ ግን ፊዚካላዊ ለውጥ ነው። ኬሚካላዊው ለውጥ ቀደም ብሎ ምጣዱ ላይ፣ ሲቆላ ተከናውኗል። በሌላ በኩል የሞባይል ባትሪ ኃይል በተሞላ ቁጥር ኬሚካላዊ ለውጡ ወደ ኋላ ይመለሳል። ሰማያዊ ኮፐር ሰልፌትም ሲሞቅ ውሃውን ለቆ ይነጣል፤ ውሃ ጠብ ሲደረግበት እንደገና ይሰማያል። ይህ ደንብ ከነጭራሹ ቢቀር እመርጣለሁ።

ሁለቱን ለውጦች ጎን ለጎን በማሳየት ሻማን የሚያህል የለም። ማይክል ፋራዳይ በ1860 እ.ኤ.አ. የገና ሰሞን ለንደን በሚገኘው ሮያል ኢንስቲትዩሽን ለወጣቶች የሰጣቸው ስድስት ትምህርቶች በሙሉ በአንድ ሻማ ዙሪያ የተሽከረከሩ ነበሩ። ሻማው እፍ ተብሎ እንደጠፋ የሚወጣውን ነጭ ጭስ ከክሩ ትንሽ ራቅ አድርጎ በክብሪት መንካት ነው፤ እሳቱ በጭሱ በኩል ሮጦ ክሩን መልሶ ያቀጣጥለዋል። ጭሱ የተነነ ሰም ነው። ሰሙ ሲቀልጥና ሲተን ያው ሰም ነው፤ ትነቱ ሲነድ ግን ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። ነበልባሉ ላይ ቀዝቃዛ ብርጭቆ ለአፍታ ቢደፋ ውስጡን ጤዛ ይይዘዋል።

የኩሽና ጨው ጉዳይ ግን እስከ ዛሬ ያከራክራል። ጨው በውሃ ሲሟሟ ፊዚካላዊ ለውጥ ነው ይባላል፤ ውሃው ሲተን ጨው ይገኛልና። ሆኖም ባትሪ፣ ሁለት ሽቦና ትንሽ አምፖል ቢቀጣጠሉ የጨው ውሃ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ የስኳር ውሃ አያስተላልፍም። ጨው ሲሟሟ በሶዲየምና በክሎራይድ አየኖች መካከል ያለው ትስስር ተበጥሶ እያንዳንዱ አየን በውሃ ሞለኪውሎች ይከበባል። ትስስር ከተበጠሰ ለውጡ እንዴት ፊዚካላዊ ብቻ ይሆናል የሚሉ ኬሚስቶች መከራከሪያቸው ይህ ነው። የሚገኘው ጨው ያው ጨው በመሆኑ እኔ ወደ ፊዚካላዊው አደላለሁ፤ ጥያቄውን በምርጫ መልክ ፈተና ላይ ማውጣት ግን ተገቢ አይመስለኝም። ተማሪው አምፖሉ ሲበራ አይቶ፣ ሰሃኑ ላይ የቀረውን ጨው ቀምሶ፣ የትኛውን ወገን እንደሚይዝ ከነምክንያቱ ይጻፍ።