ስሙ ያልተለየው የግንበኛ ደዌ

ከደባርቅ ወደ ሳንቃበር በሚወስደው መንገድ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጠው በቡይት ራስ ደጋ፣ ውርጩ ሳይነሣ በባዶ እጁ ሲሚንቶና አሸዋ የሚያቦካ የቀን ሠራተኛ፣ የጣቶቹ መካከል ተሰነጣጥቆ ውኃ ሲቋጥርና ሌሊት እንቅልፍ ሲነሣው፣ ደዌውን የሚጠራበት ስም ችፌ ብቻ ነው። ይኸው ስም ግን በሕፃን ገላ ላይ ለሚወጣውም የሚሰጥ ስለ ሆነ፣ ሕመሙ ከሥራው የመጣ መሆኑን አይናገርም።

የሙያው ልሳን በሌላው ሁሉ ባለጸጋ ነው። ጣልያኖች በወረራቸው ዘመን የሊማሊሞን ገደል እየጠረቡ መንገድ ያወጡ ሲሆን፣ ከቋንቋቸው የተወረሱት ማልታ፣ ሊሾ፣ ባሬላና ፌሮ ዛሬም ከግንበኛው አፍ አይለዩም፤ የእጁን ደዌ ለይቶ የሚጠራ ቃል ግን ከዕቃው ጋር አልመጣም።

ደዌውም ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ እርጥብ ሲሚንቶ እንደ ኖራ የማንንም ቆዳ የሚልጥበት ቃጠሎ ሲሆን፣ እጅ ታጥቦ ካረፈ ይሽራል። ሁለተኛው፣ እጅግ የሚያሳዝነኝም እርሱ፣ አለርጂ የሚባለው የሰውነት ቁጣ ነው፤ 1,450 ዲግሪ ገደማ በሚግለው የሲሚንቶ ምድጃ በድንጋዩና በአፈሩ ያለው ጥቂት ክሮም በውኃ ወደሚሟሟና ቆዳን ወደሚዘልቅ ባሕርይ ይለወጣልና፣ ለዓመታት ምንም ያልነካው ግንበኛ እንኳ ሰውነቱ አንድ ጊዜ ክሮምን በጠላትነት ካወቀ በኋላ በጥቂቱም ይታመማል፤ ሙያውን ቢተው እንኳ ብዙ ጊዜ አይለቀውም።

ይህ ምሥጢር ከተገለጠ ቆይቷል። ያዳሶን የተባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1895 የተጠረጠረውን ነገር በቆዳ ላይ ለጥፎ የመመርመርን ጥበብ አሳየ፤ በ1950 ዬገርና ፔሎኒ የተባሉ ተመራማሪዎች የግንበኞች ደዌ ምክንያት ክሮም መሆኑን አስረዱ። መድኃኒቱም ለሲሚንቶው እንጂ ለሰው የሚሰጥ አይደለም፤ ደም ላነሳት ነፍሰ ጡር በኪኒን የሚታዘዘው ያው የብረት ጨው፣ ፌረስ ሰልፌት፣ ከሲሚንቶው ጋር ሲደባለቅ የክሮሙን ክፋት ይሰብራል። ዴንማርክ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ይህን አደረገች፤ የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. ከጥር 2005 ጀምሮ የሚሟሟው ክሮም ከሚሊዮን እጅ 2 እጅ እንዳይበልጥ ወሰነ።

የእኛም አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የአደጋ መከላከያ እንዲያቀርብ ያዛል፣ ከሥራ የሚመጣ በሽታንም ያውቃል፤ ነገር ግን ጧት ተቀጥሮ ማታ የሚሰናበተው ሰው ጓንቱን ከማን ይጠይቃል? የሚሰጥ ቢገኝም የቆዳ ጓንት አይሁን፤ በክሮም የለፋ ቆዳ ያንኑ ጠላት ወደ እጁ ይመልሰዋልና። ሐኪሙም በካርዱ ላይ ችፌ ብሎ ሲጽፍ ከጎኑ «ከሲሚንቶ» የምትል ቃል ቢጨምር፣ ያ ሰው በአዋጁ ፊት የሚያቀርበው ማስረጃ ያገኛል።