እውነት ወይስ ተረት? አረቄ፣ ጠላ፣ ጫትና ነፍሰ ጡሯ በኮሮና ሰሞን

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በኢትዮጵያ መገኘቱ ሲነገር፣ ከሐኪሙ ምክር የጎረቤቱ መድኃኒት ቀድሞ ደረሰ፤ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ፌጦ፣ አረቄ። ነጭ ሽንኩርቱ ባያድን እንኳ ብዙም አልጎዳም። አረቄው ግን፣ በተለይ ለነፍሰ ጡር፣ ሌላ ጉዳይ ነው።

«አረቄ ጉሮሮ ላይ ያለውን ቫይረስ ይገድላል።» ተረት። ግራ ያጋባው ሳኒታይዘሩ ነው። ቢያንስ 60 በመቶ አልኮል ያለው ሳኒታይዘር እጅ ላይ ሲታሽ ቫይረሱን ይገድላል። የተጠጣ አልኮል ግን ጉሮሮን አልፎ ወደ ደም ይገባል እንጂ ሴል ውስጥ የተደበቀውን ቫይረስ አያገኘውም፤ እንዲያውም አብዝቶ የሚጠጣ ሰው በሽታ የመከላከል አቅሙ ይዳከማል። ኢራን ውስጥ በ2020 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ወሬ አምነው ሜታኖል የተቀላቀለበት መጠጥ የጠጡ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሞተዋል።

የእንግዴ ልጅ አልኮልን አያጣራም። እናት የጠጣችው አልኮል ወደ ፅንሱ ደም ይደርሳል፤ የፅንሱ ጉበት ደግሞ ገና አልጠነከረምና መጠጡን ለማስወገድ ይቸገራል። አልኮሉ በፅንሱ አእምሮ፣ ዕድገትና የፊት ቅርፅ ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት የሲያትል ሐኪሞች በ1973 እ.ኤ.አ. ስም አውጥተውለታል። «ይህን ያህል ቢጠጣ አይጎዳም» የሚባል መጠን እስከ ዛሬ አልተገኘም።

«ጠላ ምግብ ነው፤ ለአራስ ወተት ያመጣል።» ይህንን መሞገት ይከብዳል፤ የሚያቀርቡት አማትና እናት ናቸው፣ የሚያቀርቡትም በፍቅር ነው። ሆኖም ተረት ነው። አልኮል ወተት ከጡት እንዲወርድ የሚያደርገውን ኦክሲቶሲን የተባለ ሆርሞን ያዳክማል፤ እናት ከጠጣች በኋላ ባሉት ሰዓታት ሕፃኑ የሚያገኘው ወተት እንደሚቀንስ በጥናት ታይቷል። ለአራስ የሚበጃት ፈሳሹ፣ ምግቡና ዕረፍቱ ነው፤ ለዚያ አጥሚት አለላት። ከጠጣችም ለአንድ መጠጥ ቢያንስ 2 ሰዓት ጠብቃ ታጥባ። ወተቱን አልቦ መድፋት አልኮሉን ቶሎ አያስወጣውም፤ ከወተቷ የሚወጣው ከደሟ ሲወጣ ብቻ ነው። ጠጥታ ከሕፃኑ ጋር አንድ አልጋ ላይ መተኛት ደግሞ ከሁሉም ይከፋል።

«ጫት ቅጠል ነው።» ቅጠል ነው፤ ቅጠሉ ውስጥ ግን ካቲኖን የተባለ አነቃቂ ንጥረ ነገር አለ። የደም ሥርን ያጠብባል፣ ግፊትን ይጨምራል፤ ወደ ፅንሱ የሚሄደው ደም ሊቀንስ ይችላል። ነፍሰ ጡር ሆነው የሚቅሙ ሴቶች ከ2.5 ኪሎ በታች የሚመዝን ልጅ የመውለድ ዕድላቸው ከፍ እንደሚል ጥናቶች ያሳያሉ። በተዘጋ ቤት ተሰብስቦ መቃምና ሺሻ መቀባበልማ ለቫይረሱ ድግስ ነበር።

«የሚያጨስ ሰው ኮሮና አይነካውም» የሚለው ከፈረንሳይ የመጣ መላምት ነበር። ፈረንሳይ ራሷ ሰው እንዳይሻማበት በ2020 እ.ኤ.አ. የኒኮቲን መለጠፊያ ሽያጭን ገድባ ነበር። መላምቱ በኋላ አልጸናም።

«ኮሮና የያዛት እናት አታጥባ።» ተረት። የዓለም ጤና ድርጅት ምክር አፍና አፍንጫዋን ሸፍና፣ እጇን ታጥባ ለሕፃኑ ጡት ትስጥ የሚል ነው። ንጹህ ውሃ በቸገረበት ቤት በጡት ፋንታ የዱቄት ወተት መስጠት ተቅማጥን መጋበዝ ነው።

አንዱ ወሬ ግን እውነት ነበር፦ ኮሮና ነፍሰ ጡርን ይበልጥ ይጎዳል። እርጉዝ ካልሆኑ እኩዮቿ ይልቅ ለጽኑ ሕሙማን ክፍል የመዳረግ፣ ያለጊዜው የመውለድም ስጋቷ ከፍ ያለ ነው። ሲጋራና መጠጥም ልጅ ያለጊዜው ወይም ከስቶ እንዲወለድ ሊያደርጉ ይችላሉ፤ ሁለቱ አደጋዎች በአንድ ማሕፀን ላይ ይደራረባሉ።

«አንዴ ስትቅም፣ ስትጠጣ ከርማለች፤ አሁን ብትተው ምን ይረባል?» ይረባል። በስድስተኛውም በስምንተኛውም ወር መተው ፅንሱን ይጠቅመዋል። ዕለት ዕለት አብዝታ የምትጠጣ ግን ብቻዋን በድንገት አታቁም፤ መንቀጥቀጥና መንፈራገጥ ሊመጣ ይችላልና ጤና ጣቢያ ትሂድ። በወረርሽኙ ጊዜ ብዙ እናቶች ቫይረሱን ፈርተው ከክትትል ስለቀሩ ይህን የሚጠይቃቸውም አጡ። የጠየቃቸው ቢኖርም ኀፍረቱ አፍ ያሲዛል። ለአዋላጇ ምን፣ ምን ያህል፣ መጨረሻ መቼ እንደወሰዱ መንገር ለክስ አይደለም፤ የሚንቀጠቀጥ ወይም መጥባት የሚያቅተው ሕፃን ቢወለድ ምክንያቱን አውቃ ቶሎ እንድትደርስለት ነው።