ከ11 ሰዓት ተኩል በኋላ የሚሠራ ራት፤ ሩዝ፣ የተፈጨ ሥጋና አትክልት በአንድ ሳሕን

ከመሥሪያ ቤቱ በ11 ሰዓት ተኩል ወጥቶ፣ በታክሲ ሰልፍ ቆሞ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ገደማ ከተከራያት ክፍል የሚደርስ ወጣት ምን ራት ይበላል? ይህን ጥያቄ ለምናውቃቸው ተማሪዎችና ወጣት የመንግሥት ሠራተኞች አንሥተንላቸው ነበር፤ መልሳቸው ከሦስት ዓይነት አላለፈም። አንዱ «ዳቦና ሻይ» ይላል። ሁለተኛው ከሰፈሩ ምግብ ቤት እየተመላለሰ ወሩ ሳይጋመስ ደመወዙን ይጨርሳል። ሦስተኛው ደግሞ ሳያፍር «እኅቴ ትሠራልኛለች» ይላል። የዚህን የሦስተኛውን ነገር ኋላ እናነሣዋለን።

ስለ ራት በጋዜጣ መጻፍ ቀላል ነገር መስሎ የሚታየው ሰው አይጠፋም። ይሁን እንጂ ቀኑን ሙሉ መዝገብ ሲያገላብጥ ወይም ትምህርት ሲከታተል የዋለ ሰው ማታ በዳቦና በሻይ ሆዱን ቢያታልል፣ በማግሥቱ ከጠረጴዛው ላይ የሚያንቀላፋው እርሱ ራሱ ነው። እኛም ያለፍንበት ስለ ሆነ የምንናገረው ከወሬ አይደለም።

የችግሩ ሥር ግልጽ ነው። ለአብዛኛው ወጣት ምግብ ማለት ወጥ ነው፤ ወጥ ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል። ሽንኩርቱ በደንብ እስኪቁላላ ድረስ ብቻ ግማሽ ሰዓት ያልፋል፤ የእንጀራውም ሊጥ ተቦክቶ ቀናት መቈየት አለበት። በእናቶቻችን ቤት ይህ ሁሉ በሰዓቱ የሚደርሰው ከጧት ጀምሮ የሚያስብበት ሰው ስላለ ነው። ብቻውን የሚኖር ሰው ግን ማታ 1 ሰዓት ላይ ተነሥቶ ይህን ልሥራ ቢል፣ ራቱ ሳይደርስ እንቅልፉ ይደርሳል። የወጥ ጠላት አይደለንም፤ ወጥ ለእሑድ ይቈይ ማለታችን ነው እንጂ። ለሥራ ቀን ማታ በ45 ደቂቃ ውስጥ የሚደርስ፣ እህሉም ሥጋውም አትክልቱም በአንድ ጎድጓዳ ሳሕን ገብቶ በማንኪያ የሚበላ ምግብ አለ።

ይህም የእኛ ፈጠራ አይደለም። ጃፓኖች በጎድጓዳ ሳሕን ሩዝ አድርገው በላዩ ሥጋ ወይም ዓሣ ጨምረው የሚበሉትን ምግብ ዶንቡሪ ይሉታል፤ ቃሉ ራሱ ሳሕኑን የሚያመለክት ነው። ሥጋው የበሬ የሆነ እንደ ሆነ ግዩዶን ይባላል። ዮሺኖያ የተባለው የታወቀ የግዩዶን ቤት የተከፈተው በፈረንጆች አቈጣጠር በ1899 ዓመተ ምሕረት፣ በቶኪዮ ከተማ ኒሆንባሺ በሚባለው ሰፈር በነበረው የዓሣ ገበያ ውስጥ ነው። ደንበኞቹ የገበያው ሠራተኞች ነበሩ፤ እነርሱም ተዝናንቶ ለመብላት ጊዜ የሌላቸው ሰዎች ናቸው።

«ሩዝ የእኛ እህል አይደለም» የሚለንም ይኖራል። ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ ያለውን የፎገራን ሜዳ ያየ ሰው ግን እንዲህ አይልም። በደርግ ዘመን የሰሜን ኮርያ ባለሞያዎች በረዱት ሥራ በዚያ አገር የሩዝ እርሻ ተጀመረ፤ በክረምት ውሃ የሚተኛበት መሬት ለሌላው እህል ሲያስቸግር ለሩዝ ተስማማው። ዛሬ በወረታ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማእከል አለ። የፎገራ ሰዎችማ ሩዙን ከጤፍ ጋራ ደባልቀው እንጀራ ይጋግሩበታል። በድሬዳዋ፣ በሐረር፣ በሱማሌ ወገኖቻችንም ቤት ሩዝ በሥጋ የቈየ ማዕድ ነው። ከውጭ አገር የሚገባው ሩዝ አሁንም ብዙ መሆኑ እውነት ነው፤ እንግዳ ነው የሚያሰኝ ግን አይደለም።

አሁን ወደ ምድጃው እንሂድ። ከቤት ሲገቡ ካፖርት ሳያወልቁ አስቀድሞ የሚጣደው ሩዙ ነው። ለሁለት ሰው አንድ ብርጭቆ ሩዝ ይበቃል፤ ውሃው ነጭነቱ እስኪቀንስ ሁለት ሦስት ጊዜ ይታጠባል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ነገር አለ። በባሕር ጠረፍ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሙቀት ነው። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለ ሆነች፣ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። እሳቱን ቢያበዙት ውሃው ቶሎ ተንኖ ያልቃል እንጂ ከዚያ በላይ አይሞቅም። ስለዚህ በሩዝ ከረጢት ላይ የተጻፈው «ይህን ያህል ደቂቃ ይቀቀል» የሚለው ትእዛዝ በባሕር ዳር ለሚኖር ሰው የተጻፈ ነው ብንል አልተሳሳትንም። በድሬዳዋ ያደገ አንድ ወዳጃችን (ድሬዳዋ ቈላ ናት፤ ውሃው እስከ 96 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል) አዲስ አበባ መጥቶ ሩዙ መካከሉ እንደ ጠጠር እየሆነ ቢያስቸግረው፣ ለብዙ ጊዜ ባለ ሱቁን አሮጌ ሩዝ ሸጠልኝ እያለ ያማው ነበር። ባለ ሱቁ ምን ያድርግ!

መድኀኒቱ ቀላል ነው፤ ውሃውንና ጊዜውን መጨመር ነው። ለአንድ ብርጭቆ ሩዝ ሁለት ብርጭቆ ከሩብ ውሃ፣ ጥቂት ጨውና ጥቂት ዘይት ይበቃዋል። አንድ ጊዜ ከፈላ በኋላ እሳቱን ዝቅ አድርጎ፣ ክዳኑን አጥብቆ ዘግቶ፣ ሳይከፍቱ ሩብ ሰዓት ያህል መተው ነው። ከዚያ በኋላ ድስቱ እንደ ተከደነ ይወርድና በአሮጌ ጋቢ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። በራሱ ሙቀት ሌላ ሩብ ሰዓት ይበስላል። ይህ የጋቢ ብልሃት አንድ ምድጃ ብቻ ላለው ሰው ትልቅ ነገር ነው፤ ሩዙ በጋቢው ውስጥ ሲበስል ምድጃው ለሥጋው ባዶ ይሆናል። መብራት ቢጠፋም በመንገድ ላይ ያለውን ሩዝ ያድነዋል።

ስለ ሥጋው ትንሽ ረዘም አድርገን እንናገራለን። ለሁለት ሰው ሩብ ኪሎ ይበቃል፤ አትክልቱ ስላለ የሥጋ ማነስ አይታወቅም። ከሉካንዳ ሲገዙ አስቀድሞ ተፈጭቶ ከተከመረው መውሰድ አይገባም፤ ጮማ ያልበዛበት ቀይ ሥጋ አስመርጦ ከፊት ማስፈጨት ነው። ምክንያቱም እንዲህ ነው። በድፍን ሥጋ ላይ ተሕዋስያን ቢኖሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀመጡት በውጭው ገጽ ነው። ሥጋው በመፍጫ ሲያልፍ ግን ከላይ የነበረው ወደ ውስጥ ይገባል፤ ሁሉም ይዳረሳል። ስለዚህ የተፈጨ ሥጋ በዚያው ማታ ይሠራ፤ ማቀዝቀዣ ያለውም ሰው ቢሆን ከሁለት ቀን በላይ አያቈየው። ሲጠበስም መካከሉ ላይ ምንም ቀይ ሳይቀር መብሰል አለበት፤ ባለሞያዎች 71 ዲግሪ ይድረስ ይላሉ። «ታዲያ ክትፎስ?» የሚል አንባቢ ሳይኖር አይቀርም። ከክትፎ ወዳጆች ጋራ ዛሬ ክርክር አንገጥምም፤ አያቶቻችን በየጊዜው መራራውን ኮሶ ይጠጡ የነበረው ለምን እንደ ሆነ ግን እነርሱም ያውቁታል።

መጥበሻው አስቀድሞ በጣም ይጋል። ጥቂት ዘይት፣ ከዚያም ሥጋው ይዘርጋበትና ሁለት ሦስት ደቂቃ ሳይነካ ይተው። ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ማማሰያውን ይዞ ያለ ዕረፍት ሲያማስል ሥጋው ውሃውን ይለቃል፤ በገዛ ውሃው ይቀቀላል፤ አመድ መስሎ ሽታውም ጣዕሙም ይጠፋል። ጥብስ ያሰበው ቅቅል ይበላል ማለት ነው። ሳይነካ የቈየ እንደ ሆነ ግን ታቹ ቡናማ ይሆናል፤ የጥብስ ጣዕም የሚመጣውም ከዚያው ቡናማ ነገር ነው። መጥበሻው ትንሽ ከሆነ ሥጋውን በሁለት ጊዜ መጥበስ ይሻላል። ከዚያ በኋላ ደቀቅ ብሎ የተከተፈ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ይገባል፤ ሽንኩርቱ ለወጥ እንደሚሆነው መቁላላት የለበትም፤ አምስት ደቂቃ ይበቃዋል። በርበሬ የሚወድ ግማሽ ማንኪያ ይጨምር፤ በርበሬው እንዳያር ወዲያው ጠብታ ውሃ ወይም አንድ የተከተፈ ቲማቲም ያስከትልበት።

አትክልቱን ከጉልት እንደ ተገኘ መግዛት ነው፤ ካሮት፣ ፎሶልያ፣ ጥቅል ጎመን፣ ቆስጣ፣ ቃሪያ። ማጠቡና መክተፉ ሩዙ ሲፈላ ያልቃል። በቅደም ተከተል ማስገባቱን ብቻ አይርሱ፤ ካሮትና ፎሶልያ አስቀድመው፣ ጥቅል ጎመን ቀጥሎ፣ ቆስጣና ቃሪያ በመጨረሻ። ቅጠሉ ጥርስ ሲነካው የሚሰማ ሆኖ ቢወጣ መልካም ነው። ሳሕኑ ላይ ከቀረበ በኋላ ሎሚ መጭመቅ እንወዳለን። ጣዕሙን ከመቀስቀሱም በላይ፣ በአትክልቱ ውስጥ ያለውን የብረት ንጥረ ነገር ሰውነት እንዲቀበለው ያግዛል።

በአገራችን የሥራ ቀን ሲባል ረቡዕና ዓርብ እንዳሉበት የታወቀ ነው። ለጿሚው ሥጋው ይቀርና በፈንታው ምስር ክክ ይገባል፤ ምስሩ ከሩዙ ጋራ በአንድ ድስት ቢቀቀልም ይሆናል፤ ውሃው ግን ይጨመርለት። በሁዳዴም እንዲሁ። ሌላው ሥራ ሁሉ አንድ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የምንናገረው የራሳችን ጥፋት ነው። ከብዙ ዓመት በፊት ብቻችንን ስንኖር አንድ ማክሰኞ ማታ ለሦስት ሰው የሚበቃ ሩዝ ሠራን። «ነገ አንደክምም» ብለን የተረፈውን በድስቱ እንዳለ ከድነን በጠረጴዛ ላይ አሳደርነው። በማግሥቱ ለምሳ ሞቅ አድርገን በላነው፤ ሽታውም ጣዕሙም ደኅና ነበር። 9 ሰዓት ሳይሞላ በመሥሪያ ቤታችን ከስብሰባ መካከል ተነሥተን ወጣን፤ እንዴት እንደ ነበርን መግለጹን አንባቢ ይተውልን። ምክንያቱን የሰማነው ቈይተን ነው። ባሲለስ ሴሪየስ የሚባል ተሕዋስ በሩዝ ላይ ይገኛል፤ ዘሩ በመቀቀል አይሞትም። የበሰለው ሩዝ ለብ ባለ ቦታ ሲያድር ዘሩ ይበቅልና መርዝ ይሠራል፤ መርዙም ሩዙን መልሰው ቢያሞቁት አይጠፋም። ስለዚህ የተረፈ ሩዝ በሰፊ ትሪ ተዘርግቶ ቶሎ ይብረድ፤ በአንድ ሰዓት ውስጥም ወደ ማቀዝቀዣ ይግባ፤ በማግሥቱም ይለቅ። ማቀዝቀዣ የሌለው ሰው ደግሞ ለዚያ ማታ የሚበላውን ብቻ ለክቶ ይሥራ። ሩዝ ሲሠፈር ዓይን መስገብገብ ይወዳል፤ ግማሽ ብርጭቆ ለአንድ ሰው ጥቂት ይመስላል፤ ሲበስል ግን ሳሕኑን ይሞላዋል።

የሦስተኛውን ወጣት ነገር ኋላ እናነሣዋለን ብለን ነበር። ይህ ወጣት ተማሪ ነው፤ የመንግሥት ሠራተኛ ከሆነች ታላቅ እኅቱ ጋራ በአንድ ክፍል ይኖራል። አንድ ማታ ልንጠይቃቸው ሄድን። ምድጃው ቀዝቅዟል፤ እርሱ መጽሐፍ ይዞ አልጋው ላይ ተቀምጧል። እኅቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ገባችና ቦርሳዋን በቅጡ ሳታስቀምጥ ሽንኩርት አነሣች።

«አንተ ከ10 ሰዓት ጀምሮ ቤት ነህ፤ ለምን አንድ ነገር አልጣድህም?» አልነው።

«ወንድ ልጅ ጓዳ ገብቶ!» አለን። በየሆቴሉ ወጥ የሚሠሩ ወንዶች መኖራቸው ትዝ አላለውም። እኅቱ ሣቀች፤ ነገር ግን ሣቅዋ የደስታ አልነበረም። በዚያ ማታ ራት የበላነው ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲሆን ነው፤ እርሷም በልታ ሳትጨርስ በተቀመጠችበት አንቀላፋች።

በተከታዩ ቅዳሜ ወጣቱን ወደ ቤታችን ጠርተን ከላይ የተናገርነውን ሁሉ አሳየነው። የመጀመሪያውን ሩዝ አሳረረው፤ ሁለተኛውን አላቈጠው፤ ሦስተኛው ደኅና ሆነ። ወር ያህል ቈይተን አንድ ሐሙስ ማታ ወደ ቤታቸው ብቅ አልን። በአልጋው ራስጌ በጋቢ የተጠቀለለ ነገር አየንና ሕፃን መስሎን ደነገጥን፤ ድስት ኖሯል። ሥጋው በመጥበሻው ላይ ይንጫጫል፤ ካሮቱ ተከትፎ ተቀምጧል፤ አከታተፉ ግን ደግ አይደለም። እኅቱ ከበር ስትገባ እኛን ሰላም ከማለቷ በፊት ዓይኗ ወደ ምድጃው ሄደ።

«እትዬ፣ አረፍ በይ፤ እስቲ ቅመሽው» ብሎ ሳሕኑን በሁለት እጁ አቀረበላት።

ጫማዋን አውልቃ ተቀመጠች፤ አንድ ማንኪያ ቀመሰች። ሁላችንም ዝም ብለን አፍ አፏን እናያለን።

«ጨው አንሶታል» አለች።

እርሱም ተነሥቶ ጨው አመጣላት።