ማኅበር እያለ ማን ይነካናል? የፋብሪካ ቅነሳ ወሬና ሕግ

በ2013 ዓ.ም. ቡሬ ላይ ፊቤላ፣ ደብረ ማርቆስ ላይ ደብሊው ኤ የዘይት ፋብሪካዎች ከተመረቁ ወዲህ የፋብሪካ ደመወዝ በጎጃም ደጋም የቤተሰብ ወሬ ሆኗል። ዘይት መጭመቅ ግን በጥሬ ዕቃ፣ በዶላርና በመብራት የሚኖር ሥራ ነው። ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል «ማን ይቀነስ ይሆን?» የሚለው ጥያቄ ይከተላል፤ መልሱም በአብዛኛው ከወሬ ይቀዳል።

«የሠራተኛ ማኅበሩ ካልፈረመ ማንም አይቀነስም» ይባላል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ከማኅበሩ ወይም ከሠራተኛ ተወካዮች ጋር እንዲመካከር ያስገድዳል እንጂ ፈቃድ እንዲለምን አይልም። የልብስ ኩባንያው ፒቪኤች በኅዳር 2014 ዓ.ም. የሐዋሳ ፋብሪካውን እንደሚዘጋ ያስታወቀው አሜሪካ ኢትዮጵያን አጎዋ ከተባለው ከቀረጥ ነፃ የንግድ ዕድል ለማስወጣት ከወሰነች በኋላ ነበር፤ እንዲህ ያለውን ውሳኔ የትኛውም ማኅበር በድርድር አይመልሰውም። ማኅበር የሚጠቅመው ማን፣ እንዴትና በምን ክፍያ እንደሚሰናበት ሲመከር ነው። ሕጉ ያስቀመጠው ዝቅተኛውን ስለሆነ፣ በኅብረት ስምምነት ከዚያ በላይ ማግኘት ይቻላል።

«መጨረሻ የገባ መጀመሪያ ይወጣል» የሚለው ደግሞ ግማሽ እውነት ነው። ሕጉ ቀድሞ የሚያየው ችሎታንና የምርት ውጤትን ነው። ሁለት ሠራተኞች በዚህ እኩል ሲሆኑ ብቻ አጭር አገልግሎት ያለው ይቀድማል፤ ቀጥሎ ጥቂት ጥገኞች ያሉት። በሥራ ላይ ጉዳት የደረሰባቸው፣ የሠራተኛ ተወካዮችና ነፍሰ ጡሮች ወደ መጨረሻ ይገፋሉ። እኔን የሚያሳስበኝ «የምርት ውጤት» የሚለው ነው፤ የተጻፈ የሥራ ምዘና በሌለበት ፋብሪካ ውጤቱ የአለቃው ዓይን ይሆናል። ማኅበሩ ድርድሩን ከዚህ ቢጀምር ብልህነት ነው።

ገንዘቡ ላይ የሚሰማው ስህተት ከሁሉ ይበልጥ ያስከፍላል። «ጡረታ ስለሚቆረጥልኝ የስንብት ክፍያ የለኝም» የሚሉ አሉ፤ በቅነሳ የወጣ ሰው ግን ጡረታ ስላለው ክፍያው አይቀርበትም። በቀን 200 ብር የሚያገኝና ሰባት ዓመት የሠራ ሰው እንውሰድ። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ 6,000 ብር፤ ለቀሪዎቹ ስድስት ዓመታት በየዓመቱ የዚያን ሲሶ፣ በድምሩ 12,000 ብር። ቅነሳ ስለሆነም የ60 ቀን ተጨማሪ፣ ሌላ 12,000 ብር። ጠቅላላው 30,000 ብር ነው፤ የሁለት ወር ማስጠንቀቂያው ለብቻው።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ሕጉ «ቅነሳ» የሚለው ከአሥር ቀን ባላነሰ ተከታታይ ጊዜ ውስጥ ቢያንስ 10 በመቶ ሠራተኛ ሲነካ ነው፤ ከ20 እስከ 50 ሠራተኛ ባለው ድርጅት ደግሞ አምስት ሰው። 300 ሠራተኛ ካለው ፋብሪካ አምስት ሰው ብቻ ቢሰናበት የ60 ቀኑ ጭማሪ አይመጣም። ስለዚህ ጥቂት በጥቂት የሚሰናበቱትን ስምና ቀን ማኅበሩ መዝግቦ ይያዝ።

«ፋብሪካው ዕዳ ስላለበት ባንክ ይቀድመናል» የሚለውም ስህተት ነው፤ ሕጉ የሠራተኛን ክፍያ ከሌሎች ዕዳዎች ያስቀድማል።

«ሽማግሌ ይዞታል፣ አይቸኩልም» የሚባለውን ግን ተጠንቀቁት። ሽምግልናችን የተከበረ ነው፤ ይርጋ፣ ማለትም የመክሰሻ ጊዜ ገደብ፣ ግን ሽማግሌ አይጠብቅም። ወደ ሥራ ለመመለስ ሦስት ወር፣ ከስንብት የሚመነጭ ክፍያ ለመጠየቅ ስድስት ወር ነው ያለው። ሽማግሌዎቹ ፊት አሠሪው «ዕዳው አለብኝ» ካለ በጽሑፍ ይስጥ፤ በጽሑፍ ማመን ይርጋውን ያቋርጠዋል።