ያልዘመርነው ለቅሶ

(በሬዲዮ ከተላለፈ ስብከት ለትራክት የተዘጋጀ)

ዛሬ ከራሴ ጥፋት ልጀምር።

አንድ እሑድ በምስክርነት ሰዓት አንዲት እናት ተነሡ። ከመካነ ሰላም ወጣ ካለ ገጠር በእግራቸው ነው የመጡት። ማይኩን ያዙና በዜማ ማንጎራጎር ጀመሩ። በልጉ እንደቀረ፣ ገብሱ ገና በቡቃያው እንደደረቀ፣ ምንጩ እንደነጠፈ አንድ በአንድ እያነሱ፣ «ጌታ ሆይ፣ የት ነህ?» አሉ። እኔ ምን አደረግሁ? ማይኩን ቀስ ብዬ ተቀበልኳቸውና፣ «እናቴ፣ ጌታ ድል ሰጥቶናል፤ የድሉን ይንገሩን» አልኳቸው። ጉባኤው አጨበጨበ። እሳቸው ነጠላቸውን ሰብስበው ተቀመጡ። ያ ዝምታ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

በልጉ ምን ሆነ?

መጀመሪያ እኚህ እናት ያለቀሱለትን ነገር እንረዳ። የእኛ ደጋ በሁለት ዝናብ ይኖራል። በልግ ከየካቲት እስከ ግንቦት ነው፤ ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም። በልግ ሲቀር የሚጠፋው እህሉ ብቻ አይደለም። የከብቱ ሣር ይጠፋል፤ ለክረምት የሚታረሰው መሬትም እንደ ድንጋይ ደርቆ ይቆያል። በ2007 ዓ.ም. በልጉ ከሸፈ። ክረምቱን ደግሞ ኤልኒኖ የሚባለው የፓስፊክ ውቅያኖስ መሞቅ አዛባው። በ2008 ዓ.ም. በአገራችን ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው የምግብ እርዳታ አስፈለገው።

ከዚህም በላይ የምድር ሙቀት እየጨመረ ነው። ከድንጋይ ከሰልና ከነዳጅ የሚወጣው ጋዝ ሙቀቱ እንዳያመልጥ ምድርን እንደ ጋቢ ይሸፍናታል። አየር በ1 ዲግሪ ሲሞቅ 7 በመቶ ያህል ተጨማሪ እርጥበት መያዝ ይችላል። ስለዚህ ከመሬቱ ላይ እርጥበቱን አብዝቶ ይመጣል፤ ሲያወርደው ደግሞ በአንድ ጊዜ ያወርደዋል። ተዳፋቱ ላይ ያለውን አፈር ጠርጎ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ይነዳዋል። ጋዙን በብዛት ያወጡት የበለጸጉት አገሮች ናቸው። ዕዳውን የሚከፍለው ግን በአንድ ጥማድ በሬ የሚያርሰው የቦረና ገበሬ ነው።

ታዲያ ገበሬውን «ኃጢአት ስላለብህ ነው» ወይም «ጸሎትህ ስላነሰ ነው» ልንለው ነው? በሉቃስ 13 ጌታ ኢየሱስ ግንብ ስለ ወደቀባቸው ሰዎች ሲናገር፣ ከሌላው የበለጡ ኃጢአተኞች አልነበሩም አለ። ንስሐ ግን ሁላችንንም ይመለከታል ብሏል። ስለዚህ በተጎዳው ሰው ላይ ጣት አንቀስርም፤ ከእሱ ጋር ተንበርክከን እናለቅሳለን።

መጽሐፍ ቅዱስ ስለ ድርቅ ሲያለቅስ

ኤርምያስ 14ን አንብቡ። ውኃ የተላኩት ባዶ ዕቃ ይዘው ይመለሳሉ። ገበሬዎች መሬቱ ተሰነጣጥቆባቸው አፍረው ራሳቸውን ይከናነባሉ። ዋላ እንኳ ሣር ስላጣች የወለደችውን ጥላ ትሄዳለች። ልብ በሉ፣ ይህ በግጥም የተጻፈ ነው! መንፈስ ቅዱስ የድርቅን ግጥም በቅዱስ ቃሉ ውስጥ አስቀመጠ። በኢዩኤል 1 ደግሞ ሽማግሌዎች የደረሰውን ለልጆቻቸው፣ ልጆቻቸውም ለልጅ ልጆቻቸው እንዲናገሩ ታዘዋል። ገበሬውም ካህኑም አልቅሱ ተብለዋል። ወገኖቼ፣ ለእግዚአብሔር የሚቀርብ ለቅሶ እምነት ማጣት አይደለም። የማያምን ሰውማ ለማን ያለቅሳል?

የወሎ ሰው ይህን ያውቀዋል

ከታወቁት 4 ቅኝቶች ባቲና አምባሰል ስማቸውን ያገኙት ከወሎ ምድር ነው። እናቶቻችን ወፍጮ ላይ አንጎራጉረዋል፤ አባቶቻችን በደቦ ሲያጭዱ ተቀባብለው ዘፍነዋል፤ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን በመንዙማ ፈጣሪያቸውን ይለምናሉ። እዚሁ አጠገባችን፣ በመንዝና በይፋት፣ የ1977ቱን ረሃብ ያዩ ገበሬዎች ስለ ድርቅ፣ ስለ ረሃብና ስለ እግዚአብሔር ግጥም ገጥመዋል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ምሁር ፈቃደ አዘዘ እነዚህን ግጥሞች ሰብስበው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1998 በመጽሐፍ አሳትመዋቸዋል። ማሳው የደረቀበት ሰው እግዚአብሔርን ትቶት አልሄደም፤ በግጥም አነጋገረው። ታዲያ የእኛ መዘምራን ከከተማ የመጣ የድል መዝሙር እየቀዱ ሲዘምሩ፣ የገዛ አገራቸውን ሐዘን ማን ይዘምርላቸው?

ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ በአምልኮ መካከል ለልቅሶ ጊዜ እንስጥ። አረጋውያን ይናገሩ፤ የትኛው ምንጭ እንደነጠፈ፣ በልግ ድሮ መቼ ይገባ እንደነበር ያስታውሱ። ወጣቶች ይጻፉት።

ሁለተኛ፣ መዘምራን ይህን በአገራችን ዜማ ያቀናብሩት። ጥያቄውን አውጥተው እንዳይጥሉት አደራ! ዕንባቆም 3 በለስ ባታፈራም፣ በረቱም ባዶ ቢቀር በእግዚአብሔር ደስ እሰኛለሁ የሚለው ባዶነቱን በስሙ ከጠራው በኋላ ነው። ባዶነቱን ዘለን ደስታውን ብቻ ከወሰድን ግማሽ መዝሙር ነው የያዝነው።

ሦስተኛ፣ ዝማሬው ዶማ ይያዝ። ዘፍጥረት 2፥15 ሰው የዔድን ገነትን እንዲያበጃትና እንዲጠብቃት በውስጧ እንደ ተቀመጠ ይናገራል። በጥር ሕዝቡ ለተፋሰስ ሥራ ሲወጣ ቤተ ክርስቲያን ከፊት ትሰለፍ። ከኦርቶዶክስና ከሙስሊም ጎረቤቶቻችን ጋር እርከን እንሥራ፣ ችግኝ እንትከል፣ የምንጭ ራስ እንከልል። ጭላዳና ቀይ ቀበሮ የሚኖሩበት የደንቆሮ ጫካ የእግዚአብሔር እጅ ሥራ ነው፤ ለማገዶ ብለን አናራቁተው። እርከን ዝናብ አያመጣም። የመጣውን ዝናብ ግን ያቆየዋል፤ አፈሩንም ይይዘዋል።

እኚያን እናት ቤታቸው ድረስ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ቡና አፈሉልኝና እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ ጌታስ ያኔውኑ ሰምቶኛል፤ ያልሰማኸኝ አንተ ነህ።» አንገቴን ደፋሁ። ከዚያ እንዲደግሙልኝ ለመንኳቸው፤ አብሮኝ የመጣው ወጣት ዘማሪም በደብተሩ ጻፈ። በሌላ እሑድ መዘምራኑ ሲዘምሩት ጉባኤው አላጨበጨበም። አለቀሰ፤ ከዚያም ጸለየ። ከጸሎቱ በኋላ አንድ አባት ተነሥተው፣ «ነገ ምንጩን ለመከለል ማን ይወጣል?» ብለው ጠየቁ።

አንተስ ወንድሜ፣ አንቺስ እህቴ፣ በልባችሁ የያዛችሁት ያልዘመራችሁት ለቅሶ አለ? ዛሬ በጌታ ፊት አውጡት።

እንጸልይ፦ አባት ሆይ፣ የምድራችንን ጩኸት ትሰማለህ። የሚያለቅሱትን ዝም ያሰኘንበትን ጊዜ ይቅር በለን። ዝናብን በጊዜው ስጠን፤ የሰጠኸንን አፈርም የምንጠብቅበት ትጋት ስጠን። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።