ስለ ኮሮና በሽታና ስለ ተዘጋ ቤት

በቀየትና በአካባቢው፥ በመንዝ፥ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋ ለምትገኙ መምህራንና ንባብ ለምታውቁ ሽማግሎች የቀረበ።

ኮሮና የተባለው ተላላፊ በሽታ መጀመሪያ የታወቀው በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. በቻይና አገር፥ ውሃን በምትባል ከተማ ነው። ወደ አገራችን መግባቱ የተረጋገጠው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲሆን፥ ወዲያው በዚያው ሳምንት ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ልጆችም ብዙ ወራት ከትምህርት ተለዩ። በመዝገብ የተቈጠሩት ሙታን ብቻ በአገራችን ከ7,500 በላይ፥ በዓለም ሁሉ 7 ሚሊዮን ያህል ሆነዋል። የዓለም የጤና ድርጅት የአስቸኳይ ጊዜው ማለፉን ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ቢያስታውቅም፥ በሽታው ፈጽሞ አልጠፋምና ጠባዩን ማወቅ ይገባል።

ኮሮና ማለት በላቲን ቋንቋ አክሊል ማለት ነው። የበሽታው ምክንያት የሆነው ቫይረስ እጅግ በሚያጐላ መሣሪያ ሲታይ፥ በዙሪያው ያሉት ጫፎች አክሊል ስለሚመስሉ ይህ ስም ተሰጠው። ታናሽነቱም ዐሥር ሺህ ያህሉ ቢሰለፉ አንዲት ሚሊሜትር ብቻ ይሞላሉ።

ይህ ቫይረስ ከሰው ወደ ሰው የሚሻገረው ይበልጡን በትንፋሽ ነው። የታመመ ሰው ሲተነፍስ፥ ሲናገር፥ ሲዘምር ወይም ሲያስል ከአፉና ከአፍንጫው እርጥበት ይወጣል። ወፍራሙ ቶሎ ወደ ምድር ይወድቃል፤ ረቂቁ ግን በአየር ላይ ተንሳፎ ይቈያል። የምድጃ ጢስ በሩ ሲዘጋ ቤቱን ይሞላል፤ ሲከፈት ይበተናል። የበሽተኛም ትንፋሽ እንዲሁ ነው፤ ልዩነቱ ጢሱ ዓይንን ሲያቃጥል ትንፋሹ አለመታየቱ ነው።

የደጋ ሰው ልብ ሊለው የሚገባው ነገር ይህ ነው። ብርዱ ጽኑ ስለ ሆነ ቤታችንን በድንጋይ እንሠራለን፤ መስኮቱን እናጠባለን፤ ሲመሽም በሩን ዘግተን በእሳት ዙሪያ እንሰበሰባለን። ሰው የታመመ እንደ ሆነ ደግሞ፥ ብርድ እንዳይመታው ስንል ቀዳዳውን ሁሉ እንደፍናለን፤ ጠያቂውም ባልጋው ዙሪያ ይደረደራል። ይህ ከፍቅር የመጣ ልማድ ነው። ነገር ግን በትንፋሽ ለሚተላለፍ በሽታ ከዚህ የተመቸ ስፍራ አይገኝም። ብርድ ሰውን ያስጨንቃል እንጂ ኮሮናን አይወልድም።

በሽታው ከተያዙ በኋላ ከ2 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ይገለጣል። ምልክቱ ትኵሳት፥ ሳል፥ ድካም፥ የራስ ምታት፥ አንዳንድ ጊዜም ሽታና ጣዕም ማጣት ነው። ምልክት ሳይታይበት ለሌላ የሚያስተላልፍም አለ። ልጆችን አብዛኛውን ጊዜ ቀለል አድርጎ ያልፋቸዋል፤ ሽማግሎችንና የስኳር፥ የደም ግፊት ወይም የልብ በሽታ ያለባቸውን ግን ይጸናባቸዋል። ስለዚህ ጤነኛ የሚመስል ልጅ በሽታውን ለአያቱ ሊያደርስ ይችላል።

አባቶቻችን በኅዳር ወር 1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ የተባለውን አይተዋል። ያ በሽታ በአዲስ አበባ ብዙ ሕዝብ ፈጀ፤ በዚያን ጊዜ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪም ታመው ዳኑ። ያ ኢንፍሉዌንዛ ስለ ሆነ ቫይረሱ ሌላ ነው፤ መንገዱ ግን ያው ትንፋሽ ነው። በመታሰቢያው ኅዳር 12 ቀን ቈሻሻ ሰብስቦ የማጠን ልማድ አለ። ቈሻሻን ማስወገድ መልካም ነው፤ ጢስ ግን ቫይረሱን ከሳንባ አያወጣም፤ እንዲያውም የታመመውን ሳንባ ይጐዳል።

እንግዲህ ሊደረግ የሚገባው ይህ ነው።

1ኛ። በሽተኛ ባለበት ቤት በቀን በርና መስኮት ይከፈት፤ በሽተኛውን ማሞቅ በባናና በጋቢ ይሁን እንጂ ቤቱን በመድፈን አይሁን። መምህርም የክፍሉን መስኮት ይክፈት፤ ዝናብ በሌለ ጊዜ ከዛፍ ጥላ ሥር ቢያስተምር ይሻላል።

2ኛ። በሽተኛው ለብቻው ይተኛ፤ አስታማሚው አንድ ሰው ይሁን። ሁለቱም አፍና አፍንጫቸውን ይሸፍኑ፤ ጭንብል ቢታጣ የታጠፈ ነጠላ ከባዶ ይሻላል።

3ኛ። እጅ በሳሙና ይታጠብ። የቫይረሱ ልባስ ስብ ስለ ሆነ ሳሙና ያፈርሰዋል።

4ኛ። ለቅሶም ሆነ ማኅበር በሜዳ ይሁን፤ በመሳሳም ፈንታ ከአባቶቻችን የወረስነው እጅ መንሣት ይበቃል።

5ኛ። ትንፋሽ ያጠረው፥ ከንፈሩ የጠቈረ ወይም አእምሮው የታወከ በሽተኛ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

6ኛ። ክትባትን አትፍሩ። ፈንጣጣ በክትባት ተሸንፎ ከዓለም መጥፋቱ በ1972 ዓ.ም. ታውጇል። የኮሮና ክትባትም በአገራችን ከመጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ተሰጥቷል፤ በሽታው እንዳይጸናና እንዳይገድል ይረዳል።

በሽተኛን ከደጅ ሆኖ መጠየቅ ፍቅርን ማጉደል አይደለም። እህል አድርሶ፥ ውሃ ቀድቶ፥ ከብቱን ጠብቆ መርዳት ይቻላልና። መምህራን ሆይ፥ ይህን ለልጆች አስረዱ፤ ሽማግሎችም ማንበብ ለማይችለው ጎረቤት አንብቡለት። ሽማግሌ የሚናገረውን አገር ይሰማዋልና፥ የታመመበትን ቤት በር መጀመሪያ የምታስከፍቱ እናንተ ሁኑ።